ኤውፌሚያ ቻውካ እና የራሷ ነጥብ

“ቁጥር አይዋሽም” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ቁጥር መልእክተኛ ነው፤ ማን እንደላከው ሳታጣራ አትመነው። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከወያላዬ ነው። ስሟ ኤውፌሚያ ቻውካ ይባላል። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ዳር፣ ኮማስ የሚባል ሰፈር ውስጥ በእኛ መስመር ተሳፍሮ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል፤ ስሟን ባያውቅ እንኳ ድምጿን ያውቃል።

እኔ ሾፌሯ ነኝ፣ ሩፊኖ። እኔ መሪ እይዛለሁ፤ እሷ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ትጣራለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ትሳደባለች፣ ትመርቃለች። ሴት ወያላ በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለችም፤ እንደ ኤውፌሚያ ያለች ግን አላየሁም። ማን የት እንደተሳፈረ፣ ማን ሳይከፍል የተኛ መስሎ እንዳደፈጠ፣ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ሊቀድመን ምን ያህል እንደቀረው ዞር ሳትል ታውቃለች። ባሏ ልጃቸው ገና ዳዴ ስትል ወደ ጫካው አገር ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። “ሄደ? እሰይ፣ ቦታ ተገኘ” አለችና ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ልጅቷ ዛሬ አሬኪፓ ከተማ ነርስ ናት። በየሳምንቱ እየደወለች “እማ፣ ያን ጨዋታ ተዪው፣ ዕድሜሽን እይ እንጂ” ትላታለች። ኤውፌሚያም “አየሁት፣ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል” ትላታለች።

ጨዋታው ውስጥ የገባችው በእኔ ጦስ ነው። መነሻው ላይ ተራ ስንጠብቅ እኔ ዶን አቡንዲዮ ጌም ቤት ሹልክ እላለሁ። በኮምፒውተር አምስት ለአምስት የሚገጠምበት ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጀግና ይመርጣል፣ የሌላውን ምሽግ ቀድሞ ያፈረሰ ቡድን ያሸንፋል። ሊማ ውስጥ ይህን ጨዋታ ያልሞከረ ወንድ ካለ አሳዩኝ። አንድ ቀን ታዲያ ተራችን ደርሶ እኔ አልወጣ ስል ኤውፌሚያ ዘው ብላ ገብታ ጆሮዬን ያዘችኝ።

“አንተ ከርፋፋ! ሚኒባሱ ሞልቶ ሰው እየጮኸ ነው!”

“ትንሽ ብቻ! አሁን ከወጣሁ እኮ ጨዋታው ይቀጣኛል!”

“እኔ ከምቀጣህ እሱ ቢቀጣህ ይሻልሃል።”

“እሺ በቃ፣ ሽንቴን ሸንቼ ልምጣ። አንቺ ብቻ ይሄን ሰውዬ ከዛፉ ጀርባ አቁሚልኝ። እንዳይሞት!”

ስመለስ ሰውዬው አልሞተም። ጎኔ የነበሩት ጎረምሶች አፋቸውን ከፍተው ያይዋታል። “አክስቴ ‘ከኋላ እየመጡባችሁ ነው’ አለችን፣ እውነትም መጡ!” አሉኝ። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ካርታ አሳየችኝ። “ሁለቱ ከዚህ ጠፉ። የጠፋ ሰው ደግሞ የሆነ ቦታ ይወጣል። ኪስ አውላቂም እንደዚሁ ነው” አለችኝ። ተሳፋሪዎቹ ያን ቀን እስኪበቃቸው ሰደቡን፤ ይሳደቡ።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ለመያዝ ብቻ አልነበረም የምትመጣው።

በእኛ ጌም ቤት አንድ ልማድ አለ፤ ወንበር መያዝ እንለዋለን። ጨዋታ አቋርጦ የወጣ ሰው ነጥብ ይቆረጥበታል፣ አራቱ ጓደኞቹም ጉድ ይሆናሉ። ስለዚህ ሚስትህ ከደወለች ወይ እናትህ ከበር ላይ ከተጣራች፣ አጠገብህ ያለው ሰው ወንበርህ ላይ ተቀምጦ በአንተ ስም ይጨርስልሃል። ሕጉ ይከለክላል። የጨዋታው ባለቤቶች “አንድ አካውንት ለአንድ ሰው” ይላሉ። እነሱ እናቶቻችንን አያውቋቸውም።

ወንበር በመያዝ ኤውፌሚያን የሚያህል አልነበረም። “አክስቴ፣ ወንበር!” ሲባል ስኳር ድንች ያለበት ዳቦዋን እየገመጠች ትመጣለች፣ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ ቁጭ ትላለች። በየሰው ወንበር ስትቀመጥ ኖራ የማታውቀው ጀግና አልነበረም። ደግሞ የሚጠሯት መቼ ነው? ነገር ሲበላሽ ነው። ሰዉ እያሸነፈ ሳለ እናቱን አይሰማም፤ መሸነፍ ሲጀምር ነው እናቱ ትዝ የምትለው። ኤውፌሚያ የተበላሸውን ጨዋታ ታነሳዋለች፣ ባለ ወንበሩ አፉን ቅባት አስነክቶ ይመለስና “አሸነፍኩ እንዴ?” ይላል። “አሸነፍክ” ትለዋለች። ትነሳለች።

ነጥቡ ታዲያ የሚጻፈው በባለ ስሙ ነው። ይህ ነጥብ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከማን ጋር እንደምትሰለፍ፣ ማን እንደሚገጥምህ ማሽኑ የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። ስታሸንፍ ይጨምርልሃል፣ ስትሸነፍ ይቀንስብሃል፤ በስተመጨረሻ ቁመትህን ለክቶ የሚመስሉህ ሰዎች መሃል ይከትሃል። በእኛ ሰፈር ሰው “እንዴት አደርክ” ከማለቱ በፊት “ስንት ደረስክ” ነው የሚለው። እኔ ራሴ ደህና ደረቴን የምነፋበት ነጥብ ነበረኝ። ግማሹን ማን እንዳመጣው አልጠየቅኩም፤ ማን ይጠይቃል?

የራሷ አካውንትም ነበራት። ሌላው ራሱን ዘንዶ፣ መብረቅ፣ ሞት እያለ ሲሰይም እሷ ሙሉ ስሟን ጻፈችበት፤ ኤውፌሚያ ቻውካ። ግን መቼ ተጫውታበት! ዶን አቡንዲዮ አካውንት የሌለው አዲስ ሰው ሲመጣባቸው የሚያስገቡበት ቢያጡ፣ የእሷን ይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፈው ከለስላሳው ዋጋ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። “በኤውፌሚያ ግባ!” ይላሉ፣ አለቀ። የማውሱን ግራና ቀኝ የማያውቀው ሁሉ በእሷ ስም ገባ፣ በእሷ ስም ተሸነፈ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኸው ነው። ስነግራት “ይግቡበት፣ ባዶውን ከሚቀመጥ” ብላ ሳቀች። ያኔ ያስቃት ነበር።

በፋሲካ ሰሞን “የሰሜን ሰፈሮች ዋንጫ” የሚባል ውድድር ወሬ መጣ። በሐምሌ፣ ለነጻነት በዓል ሳምንት፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ በመብራት፣ በተመልካች ፊት። ጌም ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ቡድኑን የሚያዋቅረው ኦስማር ነበር። ኦስማር የሞባይል መሸፈኛ ይሸጣል፤ ከሁላችንም ከፍተኛው ነጥብ የእሱ ነው፤ ይህንንም አንድ ቀን እንድንረሳው አልፈቀደልንም። ክፉ ልጅ ግን አይደለም። አምስት ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ የጠራው ስም “አክስቴ ኤውፌሚያ” ነበር።

እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሌላ ጊዜ ስትስቅ ሰው ላይ ነው፤ ያን ቀን ለራሷ ሳቀች። “እኔን? በአዳራሽ?” አለች። “ልጄን እጠራታለሁ! ዕድሜዬን መጥታ ትየው!”

ከዚያ ኦስማር ስልኩ ላይ ሕጉን ማንበብ ጀመረ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ድምጹ ወረደ። እያንዳንዱ ተጫዋች አራት ሺህ ነጥብና ከዚያ በላይ ሊኖረው ይገባል። የኤውፌሚያ አካውንት ተከፈተ። ሁለት ሺህ ገደማ። ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ብፈልገው አላገኘሁትም።

“ችግር የለውም አክስቴ” አለ ኦስማር ፈጠን ብሎ። “በወንድሜ አካውንት ትገቢያለሽ። እሱ ቺሊ ነው ያለው፣ አይፈልገውም። ማን ያያል?”

“ስሜ ማን ሊባል ነው ታዲያ?”

“‘ገዳዩ ጥላ’ ነው የሚለው።”

“እኔ?”

“ለሁለት ቀን እኮ ነው!”

“ገዳይም አይደለሁ፣ ጥላም አይደለሁ። ኤውፌሚያ ቻውካ ነኝ። በስሜ ካልሆነ አልቀመጥም።”

“በስምሽማ ሁለት ሺህ ነሽ። እኔ ምን ላድርግ አክስቴ? ቁጥር አይዋሽም።”

ምን ነበረበት ቢተወው! የሚኒባሱን ጣሪያ ዘልቆ የሚሰማው ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፣ በቀስታ ነበር የተናገረችው። ይህ ነው ያስፈራኝ።

“ጥርስህን ልትነቀል የሄድክ ቀን ማን ነው የጨረሰልህ? እጮኛህ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ማን ተቀመጠልህ? አንተስ ሩፊኖ፣ አትደበቅ! ጎማ ልትቀይር ስትወጣ ማን ነበር?” ወደ ባለቤቱ ዞረች። “ዶን አቡንዲዮ፣ በስሜ የተሸነፈው ማን ነው? እኔ ነኝ?” ዶን አቡንዲዮ የለስላሳውን ፍሪጅ ማየት ጀመሩ። “ውለታ አልቆጠርኩም። አንድም ቀን አልቆጠርኩም። ግን የእኔን ለብሳችሁ እኔን ‘ራቁቷን ናት’ ትሉኛላችሁ?”

ተነስታ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገነጠለችው፤ ቀለሙም አብሮ ተላጠ።

“ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ወንበር አልይዝም። ሚስታችሁ ብትደውል አልይዝም፣ ቤታችሁ ቢቃጠል አልይዝም። በዚህ ስም ላይ ከእኔ ሌላ ጣቱን የሚያሳርፍ ካለ፣ ያንን ጣት በሚኒባሱ በር ነው የምዘጋበት። አራት ሺህ ነው ያልከው ኦስማር? ጠብቀኝ።”

ደስ አለኝ። በእኔ ላይም ቢሆን ደስ አለኝ።

እንደተባለው ቀላል ግን አልነበረም። በማግስቱ ኦስማር ራሱ፣ ሊክሳት ነው መሰለኝ፣ ወንበር ስቦ አስረዳት።

“ስሚኝ አክስቴ። አዲስ ሰው ሲመጣ ማሽኑ አያውቀውም። ስለማያውቀው ጥቂት ሲያሸንፍ ሽቅብ ይወረውረዋል። ይሄ ያንቺ አካውንት ግን ስንት ዓመት ተሸንፎበታል። ማሽኑ ስላንቺ እርግጠኛ ሆኗል። ብታሸንፊም በማንኪያ ነው የሚሰጥሽ። አዲስ ክፈቺ፣ በአንድ ወር ትደርሻለሽ።”

“ስለ እኔ እርግጠኛ ነው?”

“በጣም።”

“አንድ ቀን ሳያየኝ?”

“እሱማ ያየው ሌሎቹን ነው።”

“እንግዲያው ይየኝ። ስም የሚቀይረው ያጠፋ ሰው ነው። እኔ ምን አጠፋሁ? ስሜን ያቆሸሹት እነሱ፣ ጥዬው የምሄደው እኔ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ! አልሄድም።”

በአሮጌው ስሟ ገባች፤ ከታች። ታችኛው ቤት ምን እንደሚመስል ላይ ያለ ሰው ረስቶታል። አንዱ ገና ሳይጀመር ያኮርፋል፣ አንዱ መሃል ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላው ጠላቱን ትቶ ከራሱ ቡድን ጋር ይጣላል። ከመላው ደቡብ አሜሪካ የመጣ ሰው ነው፣ የማን አገር ልጅ እንደሆነ አታውቅም፤ አንድ ነገር ብቻ ታውቃለህ፣ ፔሩዊ መሆንህን ሲሰሙ ይሰድቡሃል። ሴት ድምፅ ከሆነ ደግሞ ምን ልበላችሁ። አንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ።

“ፔሩዊት! ያውም አሮጊት! በቃ ተበላን” አለ አንዱ በማዳመጫው። “ወደ ድስትሽ ሂጂ አንቺ!”

“ምስሩን ጥጄው ነው የመጣሁት የኔ ጌታ። እስኪበስል አንተን አሸናፊ አደርግሃለሁ። አሁን ከዚያ ጫካ ውጣ፣ ሁለት ሰው ጠፍቷል።”

“አንቺ ልታዢኝ? ምን ቆርጦኝ!”

ከጫካው አልወጣም። ሁለቱ መጡ፣ ገደሉት።

“ይኸው። ስትነሳ በግራ በኩል ና፣ እጠብቅሃለሁ።”

“አፍሽን ዝጊ!”

“በአፌ ነው እንጀራ የምበላው፣ አልዘጋውም። በግራ አልኩህ!”

ሲነሳ በግራ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ እያጉረመረመ አደረገ። ምሽጉ ሲፈርስ አመሰግናለሁ ሳይል ጠፋ። ነጥቡ ግን መጣ፤ በማንኪያ፣ ግን መጣ።

ከተራ ወደ ተራ፣ ከምሳ ወደ ምሳ እንዲህ ኖረች። የምታሸንፈው ከምትሸነፈው በጥቂት ይበልጥ ነበር፤ ማሽኑም አያያዙን ያውቅበታል፣ አንድ ደረጃ ሲያወጣት ትንሽ የሚበረቱ ሰዎች ያመጣባታል። ሦስት ሺህን ስታልፍ ጌም ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ አንድ መጥፎ ሳምንት መጣ። ጥሎ የሚሄድ ሰው በላይ በላዩ ይመደብባት ጀመር፤ ያገኘችውን መለሰች።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ቱፓክ አማሩ ጎዳና ላይ፣ በሩ ላይ ቆማ ዝም አለች። ኤውፌሚያ ዝም ስትል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ነው ያያት። አንዲት ሴትዮ “አመማት እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ሩፊኖ” አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። “ቁጥሩ እውነት ቢሆንስ?”

“ምን አልሽ?”

“በሰው ወንበር ስቀመጥ የማሸንፈው የእነሱ ጓደኞች ጎበዝ ስለሆኑ ቢሆንስ? እኔ በቃ ሁለት ሺህ ብሆንስ? ምን ሆኜ ነው ሰው ፊት ‘ጠብቀኝ’ ያልኩት? አፍሬያለሁ።”

ሚኒባሱን ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፣ እዚያው መሃል አስፋልት ላይ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀው።

“ስሚ አንቺ ሴትዮ! እኔ ስንት ነበርኩ?”

“ሦስት ሺህ ከአምስት መቶ።”

“ዛሬስ? ሁለት ሺህ አልሞላም! ወንበሬን መያዝ ካቆምሽ ጀምሮ ቁልቁል ነው የሄድኩት። ራሴ ነኝ የተጫወትኩት፣ ማንም አልነካብኝም፣ በገዛ እጄ ነው የወረድኩት። እንዲህ የማልረባ መሆኔን አላውቅም ነበር! ያ ሁሉ ነጥብ የማን ነበር ታዲያ? የእኔ ነበር?”

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

“ያንቺ ነበር! የት የሄደ ይመስልሻል? ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። አንድ ሳምንት መንገድ ላይ ቢያድር ነው እንደዚህ የምትሆኚው?”

“ሾፌር፣ እንሂድ እንጂ! ሥራ ረፈደብን!” አለ ከኋላ አንዱ ከረባት ያሰረ።

“ዝም በል አንተ! ቁም ነገር እያወራን ነው!”

ኤውፌሚያ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞራ “መክፈልህን ሳላይ ነው ደግሞ ጩኸቱ? ወዲህ በል!” አለችው። ሰውዬው ከፈለ። ነዳሁ።

ጌም ቤቱ ውስጥ የወረድኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሁሉም ወረደ። ኦስማርም ወረደ፤ እሱ ግን ጎበዝ ስለሆነ ከአራት ሺህ በላይ ቀረ። ለቡድኑ የመረጣቸው ሌሎቹ ሦስቱ ነጥባቸው ወርዶ ወርዶ ከአራት ሺህ በታች ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ምን ዘዴ ቢያመጡ ጥሩ ነው? መጫወት አቆሙ። ካልተጫወትክ አትሸነፍም፣ ካልተሸነፍክ አይቀንስም። ነጥባቸውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው የውድድሩን ቀን መጠበቅ ጀመሩ። ከኤውፌሚያ ወንበር ጀርባ ቆመው ለስላሳ እየጠጡ ጨዋታዋን ያዩ ነበር። እንዴት ያሉ ጀግኖች ናቸው!

የምዝገባው መዝጊያ ዓርብ ደረሰ። ኤውፌሚያ አራት ሺህ ለመድረስ የቀራት የጥቂት ቀን ሥራ ነበር፤ ግን ቀርቷታል። ኦስማር አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ የአጎቱን ልጅ በእሷ ቦታ ሊያስመዘግብ እንደሆነ ነገራት። የአጎቱ ልጅ ነጥብ አለው፤ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም።

እሱ እንደወጣ እኔ ቱግ አልኩ። “ምን ዝም ትያለሽ? ተሳደቢ እንጂ! ለሌላው ጊዜ አፍ አለሽ!”

“ምን ብዬ ልሳደብ? ሕጉ አራት ሺህ ይላል፣ እኔ አልደረስኩም። የእኔ ጠብ ከሕጉ ጋር አይደለም።”

“በቃ? ተውሽው?”

“ማነው ተውኩት ያለህ?” ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። “ውጣልኝ፣ ጨዋታ እየገባሁ ነው።”

እውነቱን ልናገር፣ አልገባኝም ነበር። የውድድሩ ዕድል አምልጧታል፤ ነጥቡ ምን ያደርግላታል ብዬ አሰብኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ የበዓሉ ቅዳሜ፣ ዶን አቡንዲዮ አዳራሹን በቀጥታ የሚያሳየውን ትልቁን ስክሪን ከፈቱልን። ኤውፌሚያ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን የራሷን ትጫወታለች። የእኛዎቹ ገቡ፤ መብራት፣ ጭብጨባ፣ ስማቸው በትልቁ። ያላቸው ነጥብ ከጠንካሮቹ ጋር ስላስመደባቸው ጠንካሮቹ መጡባቸው። ኦስማር ብቻውን ታገለ። ሌሎቹ ወራት ሙሉ ማውስ ያልነካ እጃቸው ተሳስሮ፣ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ነገር ሲወጣ እንደሚሆነው ሆኑ። ምሳ ሳይደርስ የመጀመሪያውን ተሸነፉ። ከሰዓት በኋላ ሌላ አንድ ቀርቷቸዋል፤ እሱን ከተሸነፉ አበቃ።

ጌም ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ጭጭ እንዳለ፣ ከጥጉ የወንበር ድምፅ ተሰማ። ኤውፌሚያ ወደ ኋላ ተደግፋለች። ሄጄ አየሁ። አራት ሺህና ትንሽ ትርፍ። ከላዩ “ኤውፌሚያ ቻውካ” ይላል። በእጅጌዋ ስክሪኑን ጠረገችና እንደገና አየችው።

“ደረሽ!” ብዬ ጮህኩ። “ደረሽ እኮ! ዶን አቡንዲዮ፣ ይምጡ፣ ይዩ!”

ዶን አቡንዲዮ መጥተው አዩ። ወጥተው ስልክ ሲደውሉ አየኋቸው። ተመልሰው ሲመጡ ስልኩን ለኤውፌሚያ ዘረጉላት፤ ኦስማር ነበር። ሁላችንም እንድንሰማ ድምጹ ተለቀቀ።

“አክስቴ! ዶን አቡንዲዮ ነገሩኝ! አዘጋጆቹን ጠየቅኳቸው፣ ተቀያሪ ማስገባት ይቻላል፣ አራት ሺህ ካለው ብቻ ነው። አሁኑኑ ታክሲ ያዢ! የአጎቴን ልጅ አስነሳዋለሁ።”

“በማን ስም ነው የምገባው?”

“በስምሽ! ሙሉ ስምሽን፣ በትልቁ! እምልልሻለሁ!”

የጠየቀችው ሁሉ ይኸው መጣ፤ አዳራሹ፣ መብራቱ፣ ስሟ። “ሚኒባሱን ላስነሳው፣ በሃያ ደቂቃ አደርስሻለሁ!” አልኳት። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። እሷ ስልኩን እያየች ቆየች። መሄድ ፈልጋ ነበር፤ ዓመታት አብሬያት ሠርቻለሁ፣ ስትፈልግ አውቃታለሁ።

“ኦስማር” አለች። “ልጁ አሁን የተቀመጠበት ወንበር የማን ነው?”

“ያንቺ ነዋ! ለዚህ እኮ ነው የማስነሳው።”

“አይደለም፣ የሱ ነው። ራስህ ነህ የሰጠኸው። ጨዋታው ሲበላሽ እኔን ጠርታችሁ ሰው አስነስታችሁ ታስቀምጡኛላችሁ። ይሄ ምን እንደሚባል ታውቃለህ፤ ወንበር መያዝ ነው። አልይዝም ብያለሁ።”

“አክስቴ እንሸነፋለን እኮ!”

“ተሸነፉ። በየስማችሁ ተሸነፉ። እኔ ይሄን ሁሉ ወር በስሜ ስሸነፍ ነው የኖርኩት፣ አልሞትኩም። በሚቀጥለው ዓመት ከፈለግከኝ ከመጀመሪያው ጥራኝ።”

ስልኩን ለዶን አቡንዲዮ መለሰች። እኔ መሬቱን ረገጥኩ።

“አብደሻል! የጠየቅሽውን ሰጡሽ እኮ! ልጅሽ በቴሌቪዥን ታይሽ ነበር! ምንድነው የምትፈልጊው ታዲያ?”

ማዳመጫዋን አስተካክላ የፍለጋውን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ አብረዋት የሚሰለፉትንና የሚገጥሟትን ሰዎች መፈለግ ጀመረ። ቆየ። ከታች ሳለች ዓይን ሳይከደን ነበር የሚያገኝላት፤ ታች ሰው ሞልቷል። አሁን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አሁንም ፈለገ። እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

“ምነው እንዲህ ዘገየ?” አልኳት በመጨረሻ።

“ይፈልግ እንጂ” አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። “የእኔን አቻ ነው የሚፈልገው።”